አባቴ ልብሰ ተክህኖውን ያጣጠፈበት እሑድ

በ1990 ዓ.ም. በጥቅምት አጋማሽ፣ የእናቴ የሸዋረግ ተዝካር በወጣ ማግሥት፣ በቤታችን የነበርነው አባቴ ቄስ አስቻለው፣ ከራቤል የመጡት የእናቴ እናት እማማ አመተሥላሴ፣ የገደላምባ ሚካኤልን ንብረት የሚጠብቁት ገበዙ ቄስ ፈንታ፣ ጎረቤታችን ተሾመችና እኔ ነበርን። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። እህቴ ጽዮንም ነበረች፤ ግን ከተሾመች ጡት ላይ ስለማትነሣ ያኔ እንደ አንድ ሰው አልቆጥራትም ነበር።

እናቴ የሞተችው ጽዮንን በወለደች በሳምንቱ ነው። ከቀብር መልስ ሴቶቹ የላም ወተት በውኃ አቅጥነው፣ ንጹሕ ጨርቅ እያጠቀሱ ሊያጠቧት ሞከሩ። ትመልሰዋለች። ጩኸቷ እየቀጠነ ሄዶ ከግልገል ድምፅ የማይለይ ሆኖ ነበር። ያኔ ተሾመች መጣች። ተሾመች ከእኛ ቤት በታች፣ ከቋጥኙ ሥር ለብቻዋ የምትኖር ሴት ናት። ክረምት ሲገባ ባሏን፣ በነሐሴ ደግሞ አራስ ልጇን ቀብራለች። ማንም ሳይጠራት ገብታ ጽዮንን ከአያቴ እጅ ተቀበለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ጩኸቱ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ጧት መጥታ ሲመሽ ትሄዳለች፤ ሌሊቱን ጽዮን እያለቀሰች፣ አባቴ በበግ ፀጉር ባና ጠቅልሎ እየዞረ ያነጋሉ።

በዚያ በተዝካሩ ማግሥት የወሬው መነሻ የተሾመች ወንድም ነበር።

«እምሩ ከዓለም ከተማ መጥቷል» አሉ ቄስ ፈንታ። «እህቱን ይዞ ሊሄድ ነው።»

«ምን ሊያደርጋት?» አሉ አያቴ።

«ሱቅ አለው። ትርዳኝ ይላል። ደግሞም ባል የሌላት ሴት ሚስት የሌለው ቄስ ቤት ስትገባ ስትወጣ መክረሟ ለስሟ አይበጅም ይላል። ሐሰት አላለም።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

ተሾመች ቀና አላለችም። «እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል፣ እማማ? ወንድሜ ያለው ይህ ነው። ወይ እዚሁ ባል ታግባ፣ ወይ ከእኔ ጋር ትሂድ።»

እኔ ከተዝካሩ የተረፈውን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር። የጥርሴ ድምፅ ለእኔው ለራሴ በጣም ስለተሰማኝ ቆሎውን አፌ ውስጥ ይዤ እንዲርስ ጠበቅሁ።

«ልጅቱን እኔ እወስዳታለሁ» አሉ አያቴ። «የምትታለብ ላም አለችኝ። ልጁን ወንድሜ ይወስደዋል፤ ትምህርት ቤቱም ለእሱ ቅርብ ነው። አንቱ ይመንኩሱ። ገዳም ይግቡና ለልጄ ነፍስ ይጸልዩላት። ከዚህ የበለጠ ምን አለ?»

«የላም ወተት አይስማማትም፣ እማማ» አለ አባቴ።

«ይለምድላታል።»

«እስኪለምድላት ማን ይቆያል?»

ቄስ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገሩን ሸፋፍነን አንለፈው። ለካህን ሚስት አንዲት ናት። ስትሞትበት ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ እንዳለ ለብቻው ይኖራል። ሁለተኛ ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ልብሰ ተክህኖ አይለብስም፣ መቅደስ አይገባም። ይህን ለእርስዎ መንገሬ አይደለም። እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ልብሰ ተክህኖ የሚለው ቃል በቤታችን እንደ ዋዛ አይነሣም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናቴ በሕይወት ሳለች፣ እኔ አንሥቼው አውቃለሁ። አባቴ ጥቁር ካባውን ደርቦ፣ ጥምጣሙን ጠምጥሞ ወደ ቀየት ገበያ ሲወጣ አይቼ ለጎረቤት ልጆች «አባቴ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ገበያ ሄደ» ብዬ ነገርኩ። ማታ ወሬው ደረሰው። አልተቆጣም፤ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ካባዬ ካባ ነው፣ ጥምጣሜም ጥምጣም ነው» አለኝ። «ልብሰ ተክህኖ የሚባለው ለቅዳሴ የሚለበሰው ብቻ ነው። ተክህኖ ማለት ማገልገል ነው። የማገልገያ ልብስ ማለት ነው እንጂ ሰው የሚያምርበት ልብስ ማለት አይደለም። ከቅጥሩ አይወጣም፤ ሰው ቤት አያድርም። እኔ ስሞት ሌላው ይለብሰዋል።»

«እሱ ነው የሚገርመኝ» አለች እናቴ ከጓዳ። «ይኸው የቄስ ሚስት ሆኜ ጫፉን እንኳ አጥቤው አላውቅም።»

«እሱን ዲያቆናቱ ያጥቡታል። ለአንቺ ጋቢዬን ሰጥቼሽ የለ?»

«ጋቢህማ መቼ ሊነጣ። ከጭቃ ጋር ነው የተሸመነው።»

ሁለቱም ሲሥቁ ትዝ ይለኛል። እኔ ግን ትምህርቱ አልገባኝም ነበር። ከትምህርቱ የያዝኩት አባቴ የማላገኘው፣ ቤት የማይመጣ አንድ ልብስ እንዳለው ብቻ ነው። ያ ልብስ ቅዳሜ ማታ ማታ አባቴን ይወስድብኛል፤ እሑድ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደክሞት፣ ዕጣን ዕጣን እየሸተተ ይመልስልኛል።

አሁን ቀየት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረምሳ ቢጫ ጥልፍ ያለው ጨርቅ ይዞ መጥቶ ለሠርግ መዝሙር የሚሆን «ልብሰ ተክህኖ» እንድሰፋለት ጠየቀኝ። ሰፋሁለት፤ ሲረከበኝ ግን ስሙ ሌላ መሆኑን በዝግታ ነገርኩት። «ያው አንድ አይደል?» አለኝ። የተረፈውን ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ቄስ ፈንታ «ልብሰ ተክህኖ አይለብስም፣ መቅደስ አይገባም» ሲሉ እኔ የሰማሁት እንደ ዕረፍት ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ እንደሚባለው። አባቴ ቅዳሜ ማታ ቤት ያድራል፤ እሑድ ጧት አብረን ቁርስ እንበላለን ማለት ነው። ደረቴ ውስጥ ደስታ እየሞቀኝ የአባቴን አፍ አየሁ። እሺ በል፣ እሺ በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት።

አባቴ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ተሾመች ደረት ላይ የተኛችውን ጽዮንን አየ።

«አባታቸው ሞቶ ቢሆን ኖሮ፣ እማማ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሆን ነበር» አለ። «እኔ ግን አለሁ።»

አያቴ ተነሡ። ነጠላቸውንም አጣፉ። «ልጄ የቄስ ሚስት ሆና ነው አፈር የለበሰችው» አሉ። «አንተ አፈሯ ሳይደርቅ የማንም ባል ልትሆን ነው። ሁን። እኔን ግን አማቴ ብለህ አትጥራኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ አያቴ አባቴን «አንቱ» ሲሉት እንጂ «አንተ» ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። አያቴ «አንተ» የሚሉኝ እኔን ነው፤ እኔን ደግሞ ይወዱኛል። ስለዚህ አባቴንም ከዚያ ቀን ጀምሮ መውደድ የጀመሩ መሰለኝ። በማግሥቱ ወደ ራቤል ሲመለሱ እየሮጥኩ ሸኘኋቸው። ጉንጬን ስመው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ረግጠው አያውቁም።

በሳምንቱ ውስጥ ቄስ ፈንታ እምሩ ወዳለበት ወደ ተሾመች ቤት ሲመላለሱ አይ ነበር። ከበጎቹ ማጎሪያ ግንብ ላይ ተቀምጬ እመለከታቸዋለሁ። ሁለቱ ደጅ ቆመው ያወራሉ፤ ቄስ ፈንታ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ እምሩ ራሱን ይነቀንቃል። ነፋሱ ወደ እኔ ሲዞር ቃል ቃል ይደርሰኛል።

«እስከ ኅዳር ሃያ ብቻ» ይላሉ ቄስ ፈንታ።

«ጾሙ በአሥራ አምስት ይገባል፣ አባ። በጾም ማን ያጋባታል? ከዚያ ደግሞ ገና ድረስ ልጠብቅ? ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት።»

«የገዛ ልጁን በእጁ እስኪያጠምቃት ነው የምልህ። የአጥቢያውን ልጅ ሁሉ ያጠመቀ ሰው ነው።»

«እኔስ ጨካኝ ሆኜ ነው? የሰው አፍ ግን ኅዳር ሃያን አይጠብቅም።»

እኔ ከዚህ የገባኝ የቄስ ፈንታ እጅ መዘርጋት ነበር። የሚለምን ሰው እጅ ይዘረጋል፤ የሚቀማም ሰው ይዘረጋል። የአባቴን ልብስ ለራሳቸው ሊወስዱ እንደሚዶልቱ እርግጠኛ ሆንኩ። አባቴ ሲቀድስ ድምፁ ከእሳቸው ያምር ስለነበር ምክንያቱም ቶሎ ተገኘልኝ። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ መሆኑን፣ የጽዮን ሰማንያ ቀን ኅዳር ሃያ ላይ እንደሚውል፣ ቄስ ፈንታ የሚለምኑትም ለዚያ እንደነበር የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ተሾመች ናት።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። መጨረሻ መሆኑን አባቴ ያውቃል፣ ቄስ ፈንታ ያውቃሉ፣ ምእመናኑም ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ከሌላው ጊዜ በዝተው መጥተዋል። እኔ ሰዉ የበዛው ቀኑ ፀሐያማ ስለሆነ መስሎኛል። ወንዶች በሚቆሙበት በኩል ከግድግዳው ተጠግቼ የአባቴን ድምፅ ከውስጥ እሰማለሁ። በዜማው መካከል አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ቆመ። ከአጠገቤ ያለው ሰውዬ ጋቢውን ወደ ዐይኑ ከፍ አደረገ። አባቴ ከደቂቃ በኋላ ካቆመበት ቀጠለ። ረስቶት ነው አልኩ በልቤ፤ አፈርኩለትም።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን እኔ እንደ ልማዴ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጥኩ። ዕቃ ቤቱ በጓሳ ሣር የተከደነ የድንጋይ ቤት ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ጭንቅላቴን አስገባሁ። አባቴ ልብሱን አውልቆ በትልቁ ሣጥን ክዳን ላይ ዘርግቶታል። ቀዩ የቅዳሴ ካባ፣ ነጩ ቀሚስ፣ ከአንገት የሚንጠለጠለው ሞጣሕት። ካባውን አጠፈ። ፈታው። ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ እንደገና አጠፈው። ዘርፉ አንዱ ከሌላው ላይ እንዲተኛ በጣቱ አስተካከለ፤ ደግሞ ፈታው። አባቴ ይህን ልብስ ዐይኑን ጨፍኖ ያጥፈው ነበር። ዛሬ ምን ነካው ብዬ ተገረምኩ።

«ቄስ አስቻለው» አሉ ቄስ ፈንታ። ክዳኑን ሊከፍቱ ቆመው ይጠብቃሉ።

«መስመሩ አልገጠመልኝም።»

«ገጥሟል።»

«ዘርፉ ይጨማደዳል።»

«እንግዲያስ ይጨማደድ» አሉ ቄስ ፈንታ፣ በጣም ቀስ ብለው።

አባቴ ልብሱን በሁለት እጁ አንሥቶ ፊቱን ቀበረበት። እኔ ብል እንዳለው እያሸተተው መስሎኛል፤ እናቴ የክት ልብሷን ስታወጣ እንደዚያ ታሸት ነበር። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠው። ቀጥሎ ከጋቢው ሥር የእጅ መስቀሉን አወጣና ለቄስ ፈንታ ዘረጋላቸው። ቄስ ፈንታ እጃቸውን አልሰነዘሩም። አባቴ መዳፋቸውን ይዞ መስቀሉን አስጨበጣቸው። የቄስ ፈንታ አፍንጫና ዐይን ረጥቦ ነበር። በእኛ አገር በዚያ ወቅት ውርጩ የሁሉንም ሰው አፍንጫ ያርሳልና ነገሬ አላልኩም።

ያየሁት ግን ይበቃኝ ነበር። ልብሱም መስቀሉም ቄስ ፈንታ ጋ ቀረ። ሲወጡ እንደ ወትሮው ልሳለም መስቀሉን ወደ ግንባሬ ሲያቀርቡልኝ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ።

«ምነው ትዕዛዙ፣ ተጣላን?»

የአባቴን ጋቢ ጫፍ ያዝኩ። አባቴም አልተቆጣኝም።

ከቅጥሩ በር እንደወጣን ጥምጣሙን ፈታ። ነጩን ጨርቅ ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ራሱን ባዶ አድርጎ ሄደ። የአባቴን ፀጉር በቀን ብርሃን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከጆሮዎቹ በላይ ሸብቷል። ከኋላችን አሮጊቷ ዓለሚቱ በምርኩዝ እየተንፏቀቁ ደረሱብን። ጆሯቸው ስለማይሰማ ወሬው አልደረሳቸውም።

«አባ፣ ይባርኩኝ» ብለው ጎንበስ አሉ።

አባቴ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። አሮጊቷ እንዳጎነበሱ ጠበቁ።

«ቄስ ፈንታ ከኋላ እየመጡ ነው» አለ ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ። «ከእሳቸው ይሳለሙ፣ እማማ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ አላጠፉም።»

«ሱባኤዬን ስላልጨረስኩ ነው?»

አባቴ መንገዱን ቀጠለ። እኔም እየሮጥኩ ተከተልኩት። እጁ ስለበረደው ነው አልኩ። ቤት ስንደርስ እሳት እንዲሞቅ ኩበት ጨምሬ አነደድኩለት፤ እሱም እጁን ዘርግቶ ሞቀ።

ጾሙ ሳይገባ፣ በአንድ ማክሰኞ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት አባቴና ተሾመች ተጋቡ። ድግስ አልነበረም። እምሩ አንድ ብርድ ልብስና ለእኔ የጎማ ጫማ ሰጥቶ በማግሥቱ ወደ ዓለም ከተማ ተመለሰ። ሌሊት ሌሊት የጽዮን ልቅሶ ቀረ። በተኛሁበት ስትጠባ እሰማታለሁ፤ እያጉረመረመች፣ አንዳንዴም ትን እያላት።

የተመኘሁት እሑድ መጣ። ስነቃ አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ከላይ ከሚካኤል የድንጋዩ ደወል ይሰማል። ተሾመች የገብስ ቂጣ በቅቤ ለውሳ አቀረበች።

«አይሄዱም?» አለችው። ካገባችውም በኋላ አንቱታዋን አልተወችም።

«ዛሬ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ከምእመኑ ጋር መቆም እኮ ይቻላል ብለዋል።»

«ይቻላል። ለዛሬ ተዪኝ።»

እኔ ቂጣውን በሁለት እጄ እየበላሁ የአባቴን ጉልበት ተደግፌ ነበር። እንዲህ ጠግቤና ሞቆኝ የማውቅ አይመስለኝም። አባቴ አንዲት ቁራሽ ይዟል። አፉ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀስ ስለነበር የሚያኝክ መስሎኝ «ጣፈጠህ፣ አባዬ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝ። ቁራሹ ግን እጁ ላይ እንዳለ ነበር። ዛሬ የቅዳሴውን ተራ ስለማውቅ፣ ደወሉን ተከትሎ ምን ይል እንደነበር፣ የት የት ላይ አፉ ይቆም እንደነበር እገምታለሁ።

ተሾመች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጽዮንን ታጠባ ነበር። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከብዙ ዓመት በኋላ «አገሩ ሁሉ የቄሱን ልብስ ያስወለቅኩት እኔ አድርጎ ያየኝ ነበር» አለችኝ። «አባትህ ግን አንድ ቀን በክፉ አላየኝም። እሱ ባሰብኝ።»

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ሰርካለም በጎች ስንመልስ ከድንጋይ ላይ ቆማ «ያንተ አባት እኮ ቄስ አይደለም፤ አስወለቁት» አለችኝ።

«ማንም አላስወለቀውም» አልኳት። «ድሮም ቅስና አይወድም ነበር። ቤት መሆን ነው የሚወደው።»

«ውሸታም።»

«ሂጂና ጠይቂው።»

ሰርካለም መጠየቅ ቀርቶባት ሮጣ ለእናቷ ነገረች፤ እናቷም ለሌላው። በሳምንቱ አባቴን በመንገድ ያገኘ አንድ ሰው «ልጅህ እኮ ቅስናውን ጠልቶት ነው የተወው ይላል፣ አስቻለው» ብሎ ሣቀበት። አብሬው ነበርኩ። አባቴ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ፣ «እሱ ያለው ነው» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ጽዮን በኅዳር ሃያ ተጠመቀች። ወፍራም ሆና ነበር፤ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ክብደቷን ይመዝኗት ነበር። ተሾመች ይዛት ገባች፤ ቄስ ፈንታ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ከማጥመቂያው ፊት ቆመዋል። አባቴና እኔ ከወንዶቹ ጋር ከደጅ ቆምን። ውኃው ሲነካት የጮኸችው ጩኸት እስከ ቅጥሩ በር ተሰማ። ቄስ ፈንታ አጥምቀዋት ሲጨርሱ ለክርስትና እናቷ ሰጧት፤ አባቴም ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቆ ከክርስትና እናቷ ተቀበላት፤ በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ቤት ወሰዳት።